በራሱ የሚዞር መንኰራኵርና ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ

አንድ ሰው ጥቅልል ወረቀት በብብቱ ይዞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጣ እንበል። በወረቀቱ ላይ በገዛ እጁ የሣለው የመንኰራኵር ሥዕል አለ። ይህ መንኰራኵር አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ውሃ ሳይወርድበት፥ ነፋስ ሳይነፍስበት፥ እንጨትም ሆነ ነዳጅ ሳይነድለት ለዘለዓለም እንደሚዞር፥ ወፍጮ እንደሚያፈጭ፥ መብራትም እንደሚያበራ ሰውዬው በፍጹም እምነት ያስረዳል። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ሹም ምን ሊመልስለት ይገባል? ቢሥቅበት ሰውዬው አዝኖ ይሄዳል፤ ምናልባትም ሹሙ ራሱ የሣቀበትን ምክንያት ቢጠየቅ መናገር ያቅተው ይሆናል። ቢያምነውና ገንዘብ ቢሰጠው ደግሞ የሕዝብ ሀብት ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጥያቄ ለሹም ብቻ የቀረበ አይደለም፤ ተማሪው ተመሳሳይ ሥዕል ይዞ ለሚመጣበት መምህርም፥ በመኝታ ክፍሉ ሥዕሉን ለሚሥለው ተማሪም የቀረበ ነው።

እኛም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ከታሪክ ለመፈለግ ስንል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። በሞያው ሳይሠለጥኑ፥ ለዕውቀት ባላቸው ፍቅር ብቻ ተነሣሥተው ስለ ተፈጥሮ ኃይል፥ ስለ ከዋክብትና ስለ አዲስ የኃይል ምንጭ ሲመራመሩና ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች በየዘመኑ ነበሩ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዕድሜያቸውንና ገንዘባቸውን በከንቱ ፈጁ፤ አንዳንዶቹ ግን ታላላቆቹ ሊቃውንት ያላዩትን አይተው ለዓለም አሳዩ። ሁለቱን ወገኖች የለየው ምን እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። በዚህ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እናሳስባለን።

የጥንቱ ክርክር

በራሱ የሚዞር መንኰራኵር አሳብ የተወለደው በቅርብ ጊዜ አይደለም። ባስካራ የተባለው የህንድ የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ በ1150 ዓ.ም. ገደማ በዙሪያው ባዜቃ የተሞሉ ቱቦዎች ያሉበት መንኰራኵር በራሱ እንደሚዞር ጽፏል። በአንድ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶም ቪላር ደ ኦንኩር የተባለ ፈረንሳዊ በሥዕል ደብተሩ ላይ በጠርዙ ሰባት መዶሻዎች የተንጠለጠሉበት መንኰራኵር ሥሎ፥ የጥበብ ባለሞያዎች በራሱ የሚዞር መንኰራኵር ስለ መሥራት ብዙ ቀን እንደ ተከራከሩ ከሥዕሉ አጠገብ አስፍሯል። እንግዲህ ክርክሩ ከሰባት መቶ ዓመት በፊትም የቈየ ክርክር ነበር ማለት ነው።

አሳቡ ዓይንን የሚያታልል ስለ ሆነ ሰው ቢወድቅበት አያስደንቅም። ሥዕሉን ለሚመለከት ሰው በአንደኛው ወገን ያሉት መዶሻዎች ከመካከሉ ርቀው ተዘርግተዋል፤ በሌላው ወገን ያሉት ግን ወደ መካከሉ ተጠግተው ታጥፈዋል። ስለዚህ የተዘረጋው ወገን ሁልጊዜ የሚከብድ፥ መንኰራኵሩም ሁልጊዜ ወደዚያ የሚያዘነብል ይመስላል። ነገር ግን በጥንቃቄ ቢቈጠሩ የተዘረጉት መዶሻዎች ቍጥራቸው ጥቂት፥ የታጠፉት ደግሞ ብዙ ሆነው ይገኛሉ። በርቀት የተገኘው ትርፍ በቍጥር ይጠፋል። መንኰራኵሩ ጥቂት ይወዛወዝና የተሰጠውን ግፊት አየሩና የዘንጉ ሰበቃ ሲጨርሱበት ይቆማል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እንዲህ ያሉትን መንኰራኵሮች በየዓይነቱ ሥሎ ከመረመራቸው በኋላ፥ የዚህ ነገር ፈላጊዎች ከተራ ብረት ወርቅ እናወጣለን ከሚሉት ሰዎች ጋር ቦታቸው አንድ እንደ ሆነ ጽፏል። የአገራችን ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ተስፋ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ከንቱ ከሚመስል ነገር እንኳ ትምህርት ያወጣ ሰው ተገኝቷል። ሲሞን ስቴቪን የተባለው የፍላንደርስ ተወላጅ በ1586 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዳገት ያለው ሦስት ማዕዘን ሣለ። አንደኛው ዳገት ከሌላው ሁለት እጥፍ ይረዝማል። በዚህም ዙሪያ 14 እኩል ኳሶች የተሰኩበትን ሰንሰለት አለበሰው። በረጅሙ ዳገት ላይ አራት ኳሶች፥ በአጭሩ ላይ ሁለት ኳሶች ይውላሉ፤ የቀሩት ከታች ይንጠለጠላሉ። አራቱ ሁለቱን የሚስቧቸው ቢሆን ኖሮ ሰንሰለቱ አንድ እርምጃ ተንሸራትቶ እንደ ገና ያንኑ መልክ ስለሚይዝ ለዘለዓለም ይዞር ነበር። ይህም የማይሆን ስለ ሆነ ስቴቪን አራቱና ሁለቱ ይመዛዘናሉ ብሎ ደመደመ። ከዚህም ዳገቱ በረዘመ መጠን ሸክሙን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት እንደሚያንስ የሚገልጸውን ሕግ አወጣ። ሸክም የተጫነች አህያ አቀበቱን በጠመዝማዛ መንገድ የምትወጣበት ምክንያት ይኸው ነው። በዚህ ዓይነት ሌሎች ዕድሜያቸውን የሰጡለት የማይቻል ነገር በስቴቪን እጅ የሚቻለውን መለኪያ ሆነ።

የካሰል መንኰራኵር

ከዚህ በኋላ የምንተርከው ታሪክ ገንዘብ ለሚያስተዳድርና ለሚፈርም ሰው ሁሉ የሚጠቅም ነው። ዮሐን ቤስለር የተባለ ጀርመናዊ ነበር። የስሙን ፊደላት እያንዳንዳቸውን 13 ፊደል ወደ ፊት አሻግሮ ኦርፊሬዩስ የሚል አዲስ ስም ለራሱ አወጣ። በ1712 ዓ.ም. በጌራ ከተማ በራሱ የሚዞር መንኰራኵር ሠራሁ ብሎ ለሕዝብ አሳየ፤ ከዚያም እየተለቀ የሄደ ሌላ መንኰራኵር አከታተለ። በመጨረሻ የሄሰን ካሰል ገዢ የነበረው ልዑል ካርል በቫይሰንሽታይን ቤተ መንግሥት ቦታ ሰጠው። በዚያም በ1717 ዓ.ም. የቆመው መንኰራኵር ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 12 ጫማ ያህል ነበር። ውስጡ እንዳይታይ በሰም በተነከረ ጨርቅ ተሸፍኗል። ኅዳር ወር ላይ ክፍሉ ተቈልፎ በማኅተም ታተመ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲከፈት መንኰራኵሩ ይዞር ነበር። ሁለተኛ ታትሞ በጥር 1718 ዓ.ም. ሲከፈት አሁንም ሲዞር ተገኘ።

ቪለም ግራቬሳንድ የተባለው የላይደን ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1721 ዓ.ም. መንኰራኵሩን መርምሮ ከውጭ የሚያንቀሳቅሰው ነገር እንዳላገኘ ለኒውተን ጻፈለት። ኦርፊሬዩስ ግን ውስጡን ለማንም አያሳይም፤ በቅድሚያ ታላቅ ገንዘብ ይጠይቃል እንጂ። መምህሩ ዘንጉን ጠጋ ብሎ በመመርመሩም ተቈጥቶ መንኰራኵሩን ሰባበረውና ለዚህ ያበቃኝ የመምህሩ ምርመራ ነው ብሎ ጻፈ። በ1727 ዓ.ም. የኦርፊሬዩስ የቤት አገልጋይ የነበረች ሴት መንኰራኵሩ ከጐን ባለው ክፍል በሰው እጅ ይዞር እንደ ነበር መሰከረች። ግራቬሳንድ አገልጋዮች ስለ መሣሪያ በሚናገሩት ነገር ብዙ እምነት እንደማይጥል ገልጾ ምስክርነቷን አልተቀበለም። ኦርፊሬዩስ በ1745 ዓ.ም. በሚሠራው የነፋስ ወፍጮ ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ፤ ምሥጢር ያለውንም ነገር ይዞት ሄደ። ከእርሱ በኋላ ያንን መንኰራኵር ደግሞ የሠራ ሰው አልተገኘም።

ስለ ግራቬሳንድ ግን ሌላም የምንለው አለ። በመንኰራኵሩ ነገር ልቡ የተወሰደው ይህ ሰው በ1722 ዓ.ም. የናስ ኳሶችን ከልዩ ልዩ ከፍታ በለስላሳ ጭቃ ላይ እየጣለ የሚጐደጕዱትን ጕድጓድ ለካ። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ ኳስ የሚሠራው ሥራ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ መሆኑንም አገኘ። ኤሚሊ ዱ ሻትሌ የተባለችው ፈረንሳዊት ይህን ልኬት በ1740 ዓ.ም. ባሳተመችው የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ አብራርታ ለብዙ አንባቢ አደረሰችው። አንድ ሰው በተሸፈነው መንኰራኵር ተሳሳተ፤ በተገለጠው ጭቃ ግን እውነትን አገኘ። አእምሮው ያው አእምሮ ነበር፤ የተለየው የተመለከተው ነገር ለምርመራ የተገለጠ መሆኑና አለመሆኑ ነው።

የአካዳሚው ሁለት ፍርዶች

በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ዘንድ በየጊዜው የሚቀርበው የመንኰራኵር ሥዕል በመብዛቱ በ1775 ዓ.ም. አካዳሚው ከእንግዲህ በራሱ የሚሠራ መኪና አገኘሁ የሚልን ማመልከቻ እንደማይመረምር ወሰነ። ከዚህ ጋር ክብን ወደ እኩል አራት ማዕዘን የመለወጥ፥ ማዕዘንን በሦስት እኩል የመክፈልና የኩብን መጠን እጥፍ የማድረግ ጥያቄዎችም አብረው ተዘጉ። የውሳኔው ቃል የንቀት ቃል ብቻ አልነበረም። ይህ ፍለጋ ብዙ ቤተ ሰቦችን እንዳደኸየ፥ ለአገራቸው ታላቅ ጥቅም ሊያበረክቱ ይችሉ የነበሩ የእጅ ባለሞያዎችም ገንዘባቸውን፥ ጊዜያቸውንና ችሎታቸውን በእርሱ ላይ እንደ ጨረሱ ይገልጻል። አካዳሚው በሩን የዘጋው ከድካም በተጨማሪ በርኅራኄም ነበር ለማለት ይቻላል። ያለፉት ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታትም ፍርዱን አጸኑለት።

ነገር ግን ይኸው አካዳሚ ከሦስት ዓመት በፊት፥ በ1772 ዓ.ም.፥ ሌላ ፍርድ ሰጥቶ ነበር። በ1768 ዓ.ም. ሉሴ በሚባለው የፈረንሳይ መንደር አጠገብ በእርሻ ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ከሰማይ የነጐድጓድ ድምፅ ሰምተው ድንጋይ ሲወድቅ አዩ። ድንጋዩ ለአካዳሚው ቀረበ፤ ከመርማሪዎቹም አንዱ በኋላ የዘመናዊው ኬሚስትሪ አባት ተብሎ የተጠራው ላቯዝዬ ነበር። መርማሪዎቹም ድንጋዩ ከሰማይ አልወረደም፤ ምድር ላይ የነበረ፥ መብረቅ የመታው ድንጋይ ነው ብለው ፈረዱ። በሰማይ ድንጋይ የለምና ከሰማይ ድንጋይ ሊወድቅ አይችልም የሚለው አስተያየት ዓይናቸው ካዩት ገበሬዎች ቃል በለጠባቸው።

በ1794 ዓ.ም. ኤርንስት ክላድኒ የተባለ ጀርመናዊ ከሰማይ ስለሚወድቁ ድንጋዮችና ብረቶች መጽሐፍ አወጣ። ክላድኒ የሠለጠነው በሕግ ነበር። በልዩ ልዩ አገርና ዘመን የነበሩ፥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች የሰጡትን ምስክርነት ሰብስቦ እንደ ዳኛ አስተያየው፤ ቃላቸውም የሚስማማ ሆኖ ስላገኘው ድንጋዮቹ ከምድር ውጭ የመጡ ናቸው ብሎ ደመደመ። ብዙዎች ተሣለቁበት። ሚያዝያ 26 ቀን 1803 ዓ.ም. ግን በኖርማንዲ በምትገኘው ሌግል ከተማ አካባቢ በቀን ብርሃን የድንጋይ ዝናም ዘነበ። የፈረንሳይ የአገር ግዛት ሚኒስትርም ዣን ባፕቲስት ቢዮ የተባለውን የ29 ዓመት ወጣት ሊቅ ጉዳዩን እንዲያጣራ ላከው። ቢዮ ከጠረጴዛ ሆኖ አልፈረደም፤ በመንደሮቹ እየተዘዋወረ ገበሬውንም፥ ካህኑንም፥ ወይዘሮዋንም ለየብቻ ጠየቀ። ድንጋዮቹ የወደቁበትን ቦታ በካርታ አሰፈረ፤ በአካባቢው እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚገኝበት ቦታም ሆነ ማቅለጫ ፋብሪካ አለመኖሩን አረጋገጠ። ከ2,000 እስከ 3,000 የሚደርሱ ድንጋዮች እንደ ወደቁ ገመተ። ሪፖርቱ ከታተመ በኋላ ክርክሩ ተዘጋ፤ ገበሬዎቹ እውነተኞች፥ አካዳሚውም የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባል የለምን?

አንባቢ ሁለቱን ፍርዶች ያስተያይ። አንደኛው በብዙ መቶ ዓመታት ሙከራና በሒሳብ ላይ የቆመ እንቢታ ነበር፤ ሁለተኛው ምስክርን ካለመስማት የመጣ እንቢታ ነው። በውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያው የሊቃውንት እንቢታ ይመስላሉ። ዛሬም ሳይንስ አልተቀበለኝም የሚል ሰው ሁሉ የሌግልን ድንጋይ ያነሣል፤ በካሰል መንኰራኵር የተታለለ ሁሉ ደግሞ አዲስ አሳብን በጅምላ ይጠላል። ሁለቱም ከታሪኩ ግማሹን ብቻ የያዙ ናቸው።

ሕጉን ያገኙት እነማን ናቸው?

በራሱ የሚዞር መንኰራኵር ለምን እንደማይቻል በመጨረሻ የገለጸው ሕግ፥ ኃይል አይፈጠርም፥ አይጠፋምም፥ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ የሚለው ነው። ይህንን ሕግ የፊዚክስ መምህራን ብቻ ያወጡት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ዩሊየስ ሮበርት ማየር የመርከብ ሐኪም ነበር። በ1840 ዓ.ም. ከሆላንድ መርከብ ጋር ወደ ጃቫ ሄዶ፥ በሙቅ አገር የመርከበኞቹ የደም ሥር ደም ከለመደው ይልቅ ቀይ መሆኑን አየ። ሰውነት በሙቅ አገር ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያቃጥለው ምግብ ያነሰ ስለ ሆነ ነው ብሎ አሰበ፤ ከዚያም ተነሥቶ ሙቀትና ሥራ አንድ ነገር በሁለት መልክ መሆናቸውን ተረዳ። በ1841 ዓ.ም. የላከውን ጽሑፍ የፊዚክሱ መጽሔት አዘጋጅ አላወጣለትም፤ በእርግጥ ጽሑፉ ስሕተት ነበረበት። ማየርም አርሞ በ1842 ዓ.ም. በሌላ መጽሔት አሳተመው።

ጄምስ ጁል ደግሞ በማንቸስተር አጠገብ የሚኖር የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። ከጠመቃው ሥራ በተረፈው ጊዜ ውሃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ በሚወርድ ሸክም የሚዞር መቅዘፊያ እያሠራ የውሃውን ሙቀት ለካ። በ1843 ዓ.ም. ስለ ምርምሩ ለሊቃውንት ጉባኤ ሲናገር ጉባኤው በዝምታ አለፈው። እርሱ ግን አልተቈጣም፤ መሣሪያውን አልሰበረም፤ ልኬቱን እያጠራ ደጋገመው እንጂ። ዛሬ በምንጠቀምበት መለኪያ ሲነገር፥ አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ኪሎ ክብደት ከ427 ሜትር ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው ሥራ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሄርማን ሄልምሆልትዝ በ1847 ዓ.ም. ሕጉን በሒሳብ ሲያስረዳ የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበር፤ ዕድሜውም 26 ዓመት። ማስረጃውንም የጀመረው በራሱ የሚሠራ መኪና አይቻልም ከሚለው ነገር ነው። የእርሱም ጽሑፍ በዚያው የፊዚክስ መጽሔት ተቀባይነት በማጣቱ በትንሽ መጽሐፍ ተለይቶ ታተመ።

እንግዲህ የመርከብ ሐኪም፥ የቢራ ጠማቂና የጦር ሐኪም ከውጭ መጥተው የውጭ ሰዎችን የጥንት ሕልም የሚዘጋውን ሕግ አቆሙ። ዋጋም ከፍለውበታል። ማየር ሥራው ለሌላ ሰው ሲቈጠርና ሲነቀፍ ከልጆቹ ሞት ጋር ተደራርቦበት በ1850 ዓ.ም. ራሱን ከመስኮት ወርውሮ ለጥቂት ተረፈ፤ ከዚያም በአእምሮ ሕሙማን ቤት ቈየ። ሆኖም በሕይወት ሳለ እውነቱ ታውቆለት በ1871 ዓ.ም. የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ከፍተኛ ሜዳሊያውን ሸለመው። ባልሠለጠነ ሰው ላይ መሣቅ ቀላል ነው፤ የሚያስከፍለውን ዋጋ ግን ሣቂው አይከፍለውም።

የፊላደልፊያ ሁለት ሰዎች

የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ በአንድ ዘመን አቅራቢያ ሁለት የአዲስ ኃይል ፈላጊዎችን አስተናገደች። የመጀመሪያው ጆን ኪሊ ነው። ከ1870ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከጥቂት ውሃ እስከዚያ ያልታወቀ ታላቅ ኃይል አወጣሁ እያለ በሙከራ ቤቱ ያሳይ ነበር። በስሙ ኩባንያ ተቋቁሞ ሰዎች አክሲዮን ገዙ፤ ክላራ ሙር የተባለች ባለጸጋ ባልቴት ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ሰጠችው። ኪሊ ማንም የማይረዳቸውን አዳዲስ ቃላት እየፈጠረ ያስረዳል፤ ምሥጢሩን ግለጥ ሲባል ጊዜው አልደረሰም ይላል። በ1888 ዓ.ም. ለፍርድ ቤት አልገልጥም ብሎ ለጥቂት ጊዜ ታሰረ። እስከ ሞተበት እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ለሽያጭ የበቃ አንድ መኪና አልሠራም። ከሞተ በኋላ ቤቱ ሲፈተሽ ከወለሉ በታች የታመቀ አየር መያዣ የሚሆን፥ ክብደቱ ሦስት ቶን ያህል የሆነ የብረት ሉልና በግድግዳ ውስጥ የተቀበሩ ቱቦዎች ተገኙ።

ሁለተኛው ፍራንክ ሹማን ነው። እርሱም በመደበኛ ትምህርት ብዙ ያልገፋ ሰው ነበር። የሚፈልገው ኃይል ግን ለሁሉ የሚታየውን የፀሐይን ኃይል ነው። ከእርሱ በፊት ኦግስተን ሙሾ የተባለ ፈረንሳዊ የሒሳብ መምህር በ1878 ዓ.ም. በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በፀሐይ ሙቀት በረዶ ሠርቶ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቶ ነበር፤ የድንጋይ ከሰል ዋጋ ስለ ረከሰ ግን መንግሥቱ ድጋፉን ተወው። ሹማን በካይሮ አጠገብ በማዓዲ አምስት ረድፍ የመስተዋት ገንዳዎችን ተከለ፤ እያንዳንዱ ረድፍ 62 ሜትር ይረዝማል፥ 4 ሜትር ይሰፋል። ገንዳዎቹ የፀሐይን ጨረር በመካከላቸው ባለው የውሃ ቱቦ ላይ ሰብስበው እንፋሎት ያወጣሉ፤ እንፋሎቱም የዓባይን ውሃ ወደ እርሻ የሚስበውን ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። የገንዳው ቅርጽ የራሱ የሹማን አሳብ አልነበረም፤ ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ያማከሩት ቻርልስ ቦይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ያመለከተው ነው። ሹማንም እርማቱን ተቀበለ። መጀመሪያ የተሠሩት የዚንክ ቱቦዎች ሙቀቱን አልቻሉም፤ ተነሥተው በብረት ተተኩ። በ1913 ዓ.ም. ፓምፑ በእንግዶች ፊት ሠራ።

የሹማን ሥራ የቆመው ስለ ተሳሳተ አይደለም። በ1914 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ተነሥቶ መሐንዲሶቹ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ እርሱም በ1918 ዓ.ም. ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ርካሽ የሆነው ዘይት ዓለምን ያዘ። አሳቡ ግን ስላልተሸሸገ አልጠፋም። በ2016 ዓ.ም. በሞሮኮ በዋርዛዛት የተመረቀው ባለ 160 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ጣቢያ የሚሠራው በዚያው በገንዳ ቅርጽ መስተዋት ነው። ከኪሊ ሙከራ ቤት ግን ማንም የወረሰው ነገር የለም።

ሁለት የሰማይ ተመልካቾች

በከዋክብት ምርምር ደግሞ አንድ ሰው ባንድ ነገር ትክክለኛ፥ በሌላው የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል እንማራለን። ዊልያም ሄርሼል በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሚኖር ሙዚቀኛ ነበር። የቴሌስኮፑን መስተዋት ራሱ እያቀለጠና እየወለወለ ይሠራል፤ ከሥራው እጁን ማንሣት በማይችልበት ሰዓት እኅቱ ካሮላይን ታጐርሰው ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1781 ዓ.ም. ከከዋክብት መካከል ሰፋ ብሎ የሚታይ ነገር አየ። እርሱ ራሱ ባለ ጅራት ኮከብ መሰለው፤ ቦታውን መዝግቦ ለሌሎች አስታወቀ፤ ሌሎች ሊቃውንት መንገዱን በሒሳብ ሲያሰሉት ግን ከጥንት ጀምሮ ያልታወቀ ፕላኔት ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ዩራነስ ነው። ካሮላይንም በራሷ ስምንት ባለ ጅራት ኮከቦችን አግኝታለች። ይኸው ሄርሼል ግን በ1795 ዓ.ም. በፀሐይ ላይ ሕያዋን ፍጥረታት እንደሚኖሩ ጽፏል። ዩራነስን ሁሉም በየቴሌስኮፑ አየው፤ የፀሐይን ነዋሪዎች ግን ማንም አላያቸውም።

በአሜሪካ ዊትን በምትባል ከተማ የሚኖረው የራዲዮ መሐንዲስ ግሮት ሬበር በ1937 ዓ.ም. በእናቱ ግቢ ውስጥ በገዛ ገንዘቡ 9 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው የብረት ሳሕን አቆመ። ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ መኖሩን ካርል ጃንስኪ አስቀድሞ ገልጾ ነበር፤ ነገሩን የተከታተለው የከዋክብት ሊቅ ግን አልነበረም። ሬበር በመጀመሪያ ሞገዱን በ9 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ፈለገው፤ አላገኘም። በ33 ሳንቲ ሜትር ፈለገው፤ አሁንም አላገኘም። የተቀበለው ጽንሰ አሳብ ስሕተት መሆኑን ተረድቶ ወደ 1.87 ሜትር ለወጠው፤ ያን ጊዜ አገኘው። ቀን ቀን በሥራው ውሎ ሌሊቱን ይለካ ነበር። በ1944 ዓ.ም. የሰማይን የራዲዮ ካርታ አሳተመ፤ ከዚያም ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በዚህ ሞያ የሚመራመሩ ተቋማት በዓለም በዙ። ሬበር በእርጅናው ደግሞ የዓለምን መስፋፋት የሚገልጸውን የሊቃውንት ትምህርት አልቀበልም ብሎ በ1977 ዓ.ም. መቃወሚያ ጻፈ፤ ማስረጃው ግን አልደገፈውም። ካርታው ካርታ ነው፤ መቃወሚያውም መቃወሚያ። የሰውዬው ስም አንዱን አላጸደቀውም፤ ሌላውንም አላረከሰውም።

ማጠቃለያ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ጥቅልል ወረቀት ይዞ ለመጣው ሰው ምን እንመልስለት? ከላይ ያየነው ታሪክ እንደሚያስረዳው የሚጠየቀው ዲፕሎማው አይደለም፤ ጁልም ሹማንም ኪሊም በዚህ እኩል ነበሩ። የቅንነቱ ጽናትም አይደለም፤ ማየርና ሄርሼል እንዳመኑ ብዙ የመንኰራኵር ሠሪዎችም ከልባቸው አምነዋል። የሚጠየቀው ሥራው ነው። ውስጡ ለሚመረምር ሰው ይገለጣልን? በቍጥር ተለክቷልን? ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ቢሠራው ያንኑ ውጤት ይሰጣልን? ሠሪውስ ምን ቢታይ ተሳስቻለሁ እንደሚል አስቀድሞ ይናገራልን? ኦርፊሬዩስና ኪሊ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ጀርባቸውን ሰጡ፤ ጁል፥ ሹማንና ሬበር ግን ሳይጠየቁ መለሱ።

ስለዚህ ሹሙ ለባለ መንኰራኵሩ ሊመልስለት የሚገባው እንዲህ ያለ ቃል ይመስለናል፤ «ወንድሜ፥ ቤትህን አትሽጥ፤ ከሰውም ገንዘብ አትሰብስብ። መጀመሪያ ትንሽ አድርገህ ሥራው፥ ሳትሸፍን አምጣው፥ አንድ ገንቦ ውሃ ከጕድጓድ ያውጣልን። ከቆመም የቆመበትን ምክንያት አብረን እንፈልግ።» ይህ መልስ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሰውንም አያዋርድም። መምህሩም ተማሪው የሣለውን መንኰራኵር ከመቅደድ ይልቅ በጭራሮና በጠጠር እንዲሠራው ቢያደርገው፥ ተማሪው መዶሻዎቹን ቈጥሮ ከስቴቪን ጋር ይገናኛል። አንዲት የከሸፈች መንኰራኵር ከብዙ ቃል ጥናት ትበልጣለች።

በአገራችንም ይህን የመሰለ ፍቅር አልታጣም። በ2004 ዓ.ም. የከዋክብት ነገር ያሳሰባቸው ሰዎች ተሰብስበው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን መሠረቱ። ለብዙ ሰው ዳቦ ባልጠገበ አገር ስለ ኮከብ ማሰብ ቅንጦት ይመስል ነበር። ዛሬ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። መነሻው ፍቅር ነው፤ ፍጻሜው መለካት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጐድል መንኰራኵሩ ይቆማል።

ሊቅ ሆኖ የገበሬውን ምስክርነት የናቀ ከሰማይ የወረደውን ድንጋይ አጣው፤ ፍቅር ኖሮት ምርመራን የሸሸም ባዶ መንኰራኵር አቅፎ ሞተ። ከእነዚህ ሁለት ስሕተቶች የሚጠብቀን በሩን ክፍት አድርጎ፥ ሚዛኑንም በበሩ ላይ ሰቅሎ መጠበቅ ነው። የሚመጣውን ሁሉ እንቀበል፤ የተቀበልነውንም ሁሉ እንመዝን።